ጎተራው የሥራ ቦታ ሲሆን

ክኒኗ ግራጫ ናት፤ ሦስት ግራም ትመዝናለች። በታሸገ የአሉሚኒየም ጠርሙስ ውስጥ እስካለች ድረስ ማንንም አትነካም። ከጠርሙሱ ወጥታ አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ስታገኝ ግን መፍረስ ትጀምራለች። የተሠራችበት አሉሚኒየም ፎስፋይድ ከእርጥበቱ ጋር ሲዋሃድ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ከአንዷ ክኒን አንድ ግራም ያህል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው። ሰውንም፣ ጥጃንም፣ ድመትንም የሚገድለው ይኸው ነው።

ከአሰላ እስከ በቆጂ ባለው የአርሲ ደጋ ስንዴውና ገብሱ ተወቅቶ ቤት የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ድሮ እህል ጓሮ በቆመ ጎተራ ይከተት ነበር። ዛሬ ብዙው ቤተሰብ ሌባ ፈርቶ፣ ዋጋ እስኪወጣ ለማቆየትም ሲል፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ሰው በሚተኛበት ቤት ግድግዳ ሥር ይደረድረዋል። ነቀዝ ሲታይ አባወራው ሱቅ ሄዶ የነቀዝ መድኃኒት ይጠይቃል። ክኒኗ በፍሬ ተቆጥራ፣ በላስቲክ ተጠቅልላ ስትሸጥ ይታያል። መለያ ጽሑፉ ከጠርሙሱ ጋር ባለሱቁ ዘንድ ይቀራል።

የኬሚካል ደህንነትን የሚመለከቱ ሦስት መሠረታዊ ቃላት አሉ፤ ሦስቱም በዚያች ላስቲክ ውስጥ ይገኛሉ። ጠንቅ ማለት አንድ ነገር በባሕርይው ያለው የመጉዳት አቅም ነው። ተጋላጭነት ያ ነገር ከሰው ቆዳ፣ ዓይን ወይም ሳንባ ጋር የሚገናኝበት መንገድ፣ መጠንና ጊዜ ነው። ስጋት ደግሞ ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳት የመድረሱ ዕድል ነው። ክኒኗ በታሸገ ጠርሙስ ስትቀመጥ ጠንቋ ከፍተኛ፣ ስጋቷ ትንሽ ነው። ልጆች በሚተኙበት ክፍል ጆንያ ውስጥ ስትገባ ጠንቋ ቅንጣት አልጨመረም፤ ስጋቷ ግን ሌላ ሆነ።

ምን ያህል ሌላ እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የአንዲት ክኒን ጋዝ በዚህ ክፍል ተሠራጭቶ ቢቀር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 18 ያህሉ ፎስፊን ይሆናል ማለት ነው። አሜሪካኖች አንድ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሊተነፍሰው ይችላል ብለው የፈቀዱት ጣሪያ 0.3 ነው። አንዷ ክኒን የጣሪያውን 60 እጥፍ ሆነች። ለሕይወት ወዲያው አደገኛ ተብሎ የተወሰነው መጠን 50 ነው፤ ሦስት ክኒን ይበቃዋል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ውስጥ የጋዙ ድርሻ ከዚህም ከፍ ይላል። በእርግጥ ቤት ያሾልካል፣ ጋዙም በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ እህሉም የተወሰነውን ይይዘዋል። ሆኖም ግድግዳው ሥር የሚደረደረው አንድ ጆንያ ብቻ አይደለም፤ በርና መስኮቱም ሌሊት ለብርድ ሲባል ይዘጋል።

ብርዱ በሌላም መንገድ ይገባበታል። ክኒኗ የምትፈርስበት ፍጥነትና ነቀዙ የሚሞትበት ጊዜ በሙቀት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የአምራቾች መመሪያ እንደሚለው፣ እህሉ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ሦስት ቀን ይበቃል፤ ከ5 እስከ 12 ዲግሪ ሲሆን ግን አሥር ቀን መታሸግ አለበት። የአሰላ ሌሊት በታኅሣሥ ምን እንደሚመስል አገሬው ያውቀዋል። ቆላ ካለ ዘመዱ "ሦስት ቀን ነው" ሲባል የሰማ ገበሬ በአራተኛው ቀን ጆንያውን ፈትቶ እህል ቢሰፍር ክኒኗ ገና ሥራዋን አልጨረሰችም ይሆናል። ከታች የሚገኘው ግራጫ ዱቄትም ያልፈረሰ ፎስፋይድ ሊኖረው ስለሚችል በእጅ ተዝቆ ምድጃ አጠገብ የሚጣል ነገር አይደለም።

"ሽታው ያስታውቃል" የሚሉ አሉ። ጋዙ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ ይሸታል የሚባለው እውነት ነው፤ ሽታው ግን የሚመጣው ከጋዙ ጋር ከሚወጡ ባዕድ ነገሮች ነው። ንጹሕ ፎስፊን አይሸትም፤ እህሉ እነዚያን ባዕድ ነገሮች ቀድሞ ሲመጥ ሽታው ጠፍቶ ጋዙ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አፍንጫ አይታመንም። ፎስፊን ለመረዘው ሰው ማርከሻ መድኃኒትም የለም። ሐኪም የሚችለው ልብና ሳንባውን ደግፎ ማቆየት ነው፤ ለዚህም ጊዜ ያስፈልገዋል፣ ታማሚው ምን እንደገጠመውም ማወቅ አለበት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የደረት መጨናነቅ ባንድ ጊዜ መላውን ቤተሰብ ከያዘ መጀመሪያ ወደ ውጭ፣ ከዚያ የክኒኑን ጠርሙስ ወይም ስሙን ይዞ ወደ ሆስፒታል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ ነው እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ አማሪሎ በተባለች ከተማ የሆነውን ማንሳት ይገባል። አንድ ቤተሰብ ከቤቱ ሥር አይጥ ለማጥፋት የተበተነውን ፎስፋይድ ሽታው ስላስቸገረው ሊያጥበው ውሃ ረጨበት። ውሃው ጋዙን ባንድ ጊዜ ለቀቀው፤ አራት ልጆች ሞቱ።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል፤ ሠራተኛው ስለሚገጥመው አደጋ እንዲነገረው፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጠው፣ አደጋ ሲደርስ ተመዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲነገር፣ አደገኛ ሥራ የሚሠሩት የጤና ምርመራ እንዲያደርጉ። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ እስከ 18 ዓመት ያለውም በአደገኛ ሥራ አይሰማራም። ኢትዮጵያ የሥራ ደህንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላለች።

ሕጉ ክፉ አይደለም። አሰላ ላይ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመ ትልቅ ብቅል ፋብሪካ አለ። እንዲህ ባለ ተቋም ጎተራ ውስጥ ጋዝ ሲደረግ በዓለም ዙሪያ በሚታወቀው አሠራር መሠረት በሩ ታሽጎ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበታል፣ ጋዙ በመሣሪያ ተለክቶ ከጣሪያው በታች መሆኑ ሳይረጋገጥ ሰው አይገባም፣ የሚገባውንም ሰው ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ አለ። ኬሚካሉ አሥራ ስድስት ክፍል ካለው የደህንነት መረጃ ሰነድ ጋር ይመጣል፤ ክፍል አራት የመጀመሪያ እርዳታን፣ ክፍል ስድስት ሲፈስ የሚደረገውን፣ ክፍል ስምንት የተጋላጭነት ጣሪያንና መከላከያ መሣሪያን ይናገራል። ሠራተኛው ይህ ቢጎድልበት የሚጠይቀው አካል አለው።

ከፋብሪካው አጥር ውጭ ያለው ገበሬ አሠሪው ማን ነው? አዋጁ የቆመው በሥራ ውል ላይ ነው። በራሱ ማሳ የሚረጭ ሰው ውል የለውም፤ ረጪውም፣ አሠሪውም፣ ተጎጂውም እሱ ነው። ውሃ የምትቀዳለት ሚስቱ፣ ጆንያ የሚይዝለት ልጁ፣ ተራ በተራ የሚረዱት ጎረቤቶቹ በሕጉ ዓይን ሠራተኞች አይደሉም። የአርሲ ደጋ ኬሚካል ደግሞ በአብዛኛው የሚፈሰው በነዚህ ሰዎች እጅ ነው። የሥራ ቦታ ደህንነት ስንል ፋብሪካና ላቦራቶሪ ብቻ የሚታየን ከሆነ ትልቁን የሥራ ቦታ ስተነዋል የምለው ለዚህ ነው። እዚህ አገር ትልቁ የሥራ ቦታ ማሳው ነው፤ ክኒኗ በገባችበት ሌሊት ደግሞ መኝታ ቤቱም የሥራ ቦታ ነው።

ሕጉ ከኬሚካሉ ዘግይቶ መጣ። በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከምርጥ ዘር፣ ከማዳበሪያና ከብድር ጋር ዘመናዊ የግብርና ኬሚካል ለአርሲ ገበሬ መግቢያ በር ያገኘው በዚያ ዘመን ነው። ፀረ ተባይን ብቻ የሚመለከት ሕግ በኢትዮጵያ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1990 በልዩ ድንጋጌ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥና ጥቅም ላይ እንዳይውል ይከለክላል፤ ነጋዴውም የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። አዋጁ በወጣበት ዓመት መኸር ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ በመላ አገሪቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ስንዴ መታ። ኩብሳና ገላማ የተባሉት፣ ገበሬው የሚወዳቸው ዝርያዎች ማሳ ላይ ቢጫ ሆነው ቀሩ፤ ፀረ ፈንገስ በጥድፊያ ተገዝቶ ተረጨ። ከዚያ ወዲህ እንደ ቲልትና ሬክስ ዱዎ ያሉ የፀረ ፈንገስ ስሞች በአርሲ ገጠር የታወቁ ናቸው።

መለያ ጽሑፉ ላይ ያለው ባለቀለም ሰቅ የተወሰደው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 ካወጣው ምደባ ነው። ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ በመካከለኛ ደረጃ አደገኛ፣ ሰማያዊ በመጠኑ አደገኛ፣ አረንጓዴ ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ ያን ያህል የማያሰጋ ነው። የሚለካው ከቀረቡለት የላቦራቶሪ አይጦች ግማሹን የሚገድለው መጠን፣ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መርዙ ይበረታል። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው የአይጥ መርዝ 45፣ ገበሬው ቱፎርዲ የሚለው ፀረ አረም 375፣ ማላታይን 2,100፣ ራውንድአፕ ውስጥ ያለው ግላይፎሴት 4,230 ነው።

ይህ ቁጥር የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ዛሬ ቢዋጥ ዛሬ ይገድላል ወይ? የነገውን አይናገርም። ማላታይንም ግላይፎሴትም በሰማያዊ ክፍል ሲቀመጡ፣ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱንም በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉበት ዕድል ሰፊ ከሆነው ምድብ አስገብቷቸዋል። ቲልት ውስጥ ያለውን ፕሮፒኮናዞል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቃዱን ሳያድስለት የቀረው ፅንስን ሊጎዳ ይችላል በሚል ከተመደበ በኋላ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የረጪውን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ማጠብ የሌለባት ለዚህ ነው፤ ሰቁ ግን ይህን አይነግራትም። ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላው ነው። የመጀመሪያዋ ክኒናችን በዚህ ምደባ ውስጥ ቦታ የላትም። መለኪያው ለጋዝ ስላልተሠራ ድርጅቱ ጋዝ አመንጪዎችን ለብቻ ይዘረዝራቸዋል።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ዓለም አቀፍ የኬሚካል ምደባና ምልክት ሥርዓት ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላል። በቀይ ፍሬም ውስጥ ዘጠኝ ሥዕሎች አሉት። የራስ ቅልና አጥንት ወዲያው የሚገድል ነው። ደረቱ ላይ ኮከብ የፈነዳበት ሰው ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉዳት፣ ካንሰር ወይም የፅንስ ጉዳት ነው። ፈሳሽ ተንጠባጥቦበት እጅ የሚበላው ሥዕል ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ነው። ሥዕል ማንበብ ለአርሲ ገበሬ ትልቅ ነገር ነው፤ ገበያ ላይ የሚገኘው መለያ ጽሑፍ በአብዛኛው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲሆን እሱ ቤቱ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ማንበብ በሚችልበት ቋንቋ ያልተጻፈ ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ ነው ብዬ አላምንም። ሥዕሉም ቢሆን ሰው ካላስተማረው ሥዕል ብቻ ነው፤ የግብርና ልማት ሠራተኛዋ ዘጠኙን ሥዕሎች ይዛ አንድ ከሰዓት በቀበሌ ስብሰባ ብትቆም ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

ከርጭት ሁሉ አደገኛዋ ደቂቃ የመበጥበጫዋ ደቂቃ ናት። በነሐሴ ስንዴው አንድ ወር ገደማ ሲሞላው ሰውየው የጀርባ መርጫውን ይዞ ውሃ ወዳለበት፣ ጅረት ዳር ይወርዳል። የቱፎርዲ ጠርሙስ በሊትር 720 ግራም መርዝ ይይዛል፤ አንዱ ሊትር በ200 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ አንድ ሄክታር ይረጫል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መርጫው ውስጥ ካለው በ200 እጥፍ ይበረታል ማለት ነው። ሰውየው በባዶ እጁ ክዳኑን ከፍቶ፣ በዚያው በክዳኑ እየለካ፣ ዓይኑን አቅርቦ ይገለብጣል። ይህ ፀረ አረም በተለይ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ አንድ ጠብታ ቢፈናጠቅ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። ከዚያ ተነሥቶ ማሳ ሲገባ ነው ብዙ ሰው አፉን በጨርቅ የሚሸፍነው። ጓንት አንድ ብቻ ካለ፣ ዓይን መሸፈኛም አንድ ብቻ ካለ፣ ለመበጥበጡ ይሁን። ጓንቱም የላስቲክ እንጂ የጨርቅ አይሁን፤ ጨርቅ ይመጠዋል፣ መርዙንም ቀኑን ሙሉ እጅ ላይ ያቆየዋል። ቦቲ ጫማ በክረምት አርሲ ውስጥ የማያደርግ የለም፤ ሱሪው ግን ቦቲው ውስጥ ከተከተተ ከስንዴው የሚንጠባጠበው ሁሉ ወደ እግር ይወርዳል። ሱሪ ከቦቲው ውጭ ይዋል።

ቆላ ላይ መከላከያ ልብስ አይለበስም የሚባልበት ምክንያት ሙቀት ነው፤ እውነትም በመቂና በዝዋይ ፀሐይ የላስቲክ ልብስ ራሱ ያሳምማል። አሰላና በቆጂ ላይ ይህ ምክንያት አይሠራም። የቀረው የዋጋና የልማድ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም መፍትሔ አላቸው።

ማታ ላይ ራሱን ሲያመው፣ ላብ ሲያጠምቀውና ሲያቅለሸልሸው ሰውየው ፀሐይ ላይ ስለዋለ "ምች መታኝ" ማለቱ አይቀርም፤ ዳማ ከሴም ይታሽለታል። የረጨው እንደ ማላታይን ወይም ዳያዚኖን ያለ ኦርጋኖፎስፌት ከሆነ ግን ምልክቱ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ መርዞች ነርቭ ለጡንቻ መልእክት ካስተላለፈ በኋላ መልእክቱን የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያስራሉ፤ ጡንቻው መንቀጥቀጡን፣ ምራቁ መፍሰሱን አያቆምም። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ዳማ ከሴው ይቅር፤ ለዚህ ሆስፒታል አትሮፒን አለው፣ በጊዜ ለደረሰለት ሰው ሕይወት ያተርፋል። የፎስፊኑንና የዚህን ልዩነት ሐኪም ቶሎ የሚያውቀው ጠርሙሱን ሲያይ ነው።

ባዶው ጠርሙስም ጉዳይ አለው። ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው መርጫው ውስጥ መጨመር፣ ከዚያ ዳግም ነገር እንዳይያዝበት መበሳት አለበት። ጥሩ ፕላስቲክ ነውና ዘይትና ውሃ ይያዝበታል፤ ይህ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀ ነገር ነው። ተከማችቶ የሚቀረው መርዝ ምን እንደሚያስከትል ኢትዮጵያ ታውቃለች። ባለፉት መንግሥታት ዘመን ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ፀረ ተባይ፣ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በየመጋዘኑ ተለቅሞ፣ በአዲስ ማሸጊያ ታሽጎ፣ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ተቃጠለ። አገር ውስጥ ማቃጠያ ስላልነበረ ነው። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ዛሬ ይህን ይገዛል፤ አንድ ገበሬ ሦስት ባዶ ጠርሙስ ይዞ የሚሄድበት ቦታ በየቀበሌው ማበጀት ግን ይቀራል።

የደህንነት ባለሙያዎች የመከላከያ ቅደም ተከተል የሚሉት አላቸው፤ መጀመሪያ ጠንቁን ማስወገድ፣ ካልተቻለ በቀለለ መተካት፣ ከዚያ ከሰው መለየት፣ ከዚያ አሠራር ማስተካከል፣ ጓንትና ጭንብል በመጨረሻ። እኛ ጋ ሁልጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን። የመጀመሪያው ግን አርሲ ውስጥ ሲሠራ ኖሯል። ከአሰላ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ዋግ የሚቋቋም ስንዴ ባወጣ ቁጥር አንድ ዙር ርጭት ከገበሬው ጀርባ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጡት ካካባና ዳንደአ ኩብሳንና ገላማን እንዲተኩ የታሰቡ ነበሩ። በሽታውም አይተኛም፤ ቢጫ ዋግን ይቋቋም የነበረው ዲገሉ የተባለ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተመታ። የዝርያ ምርምር በጀት የደህንነት በጀትም ነው ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው።

ለክኒኗም ምትክ አለ። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ሁለት ወፍራም የላስቲክ ሽፋን ከውስጥ፣ ተራ ማዳበሪያ ከረጢት ከውጭ አለው። እህሉ በደንብ ደርቆ ይሞላል፣ አፉ ሽፋን በሽፋን እየተጠመዘዘ ይታሰራል፤ ነቀዙ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ መብላትም መራባትም ያቆማል። ኬሚካል የለበትም፣ ሰው አጠገቡ ይተኛል። ዋጋው ከተራ ከረጢት ይበልጣል፤ አይጥ ከበሳው ወይም እህሉ እርጥብ ከገባ ዋጋ የለውም። ክኒኗን በተመለከተ ግን የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ በፍሬ መሸጧ ይቁም፣ የሚሸጠው አገልግሎቱ ይሁን። ጎተራ የሚያሽግ፣ ቀኑን የሚቆጥር፣ ዱቄቱን የሚያነሳ የሠለጠነ ሰው በየቀበሌው ይኑር። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በሰኔ ማዳበሪያ በሚያከፋፍሉበት በዚያው መጋዘን፣ በዚያው የብድር መዝገብ፣ በኅዳር ከረጢቱን ሊያከፋፍሉ ይችላሉ።